ዓረፍተ ነገርን ማስፋፋት፤ ከሦስተኛ ክፍል የሚጀምረው የቢሮ ችሎታ

በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ከሚወጡት ደብዳቤዎች መካከል ብዙዎቹ «ለሚመለከተው ሁሉ» በሚል አድራሻ ይጀምራሉ። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ከሚታተሙ የአዋጅ ርዕሶችም ብዙዎቹ «የወጣ አዋጅ» በሚሉት ሁለት ቃላት ይደመደማሉ። ደብዳቤውን የሚፈርመው ኃላፊም ሆነ አዋጁን የሚያነበው ባለሙያ፣ ሁለቱ አባባሎች በአንድ የሰዋስው ስልት የተሠሩ መሆናቸውን ልብ የሚልበት አጋጣሚ እምብዛም ነው።

ስልቱ አንድን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ወስዶ፣ በግሡ ላይ «የ» ወይም «የሚ» በመጨመር የአንድ ስም ገላጭ ማድረግ ነው። «ጉዳዩ ሰውየውን ይመለከተዋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር «ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው» ይሆናል። «አዋጁ ወጣ» የሚለው ደግሞ «የወጣው አዋጅ» ይሆናል። በሰዋስው አጥኚዎች ዘንድ አንጻራዊ ሐረግ የሚባለው ይኸው ነው። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስን ከመሳሰሉት ቀደምት ሊቃውንት ጀምሮ በ1987 ዓ.ም. «የአማርኛ ሰዋስው» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን እስካሳተሙት እስከ ፕሮፌሰር ባዬ ይማም ድረስ፣ የአማርኛን ሰዋስው የመረመሩ ምሁራን የቋንቋውን የአረፍተ ነገር አሠራር በስፋት ተንትነዋል። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ግን ትንታኔው ሳይሆን፣ ልጆች ስልቱን በጽሑፍ እንዲጠቀሙበት እንዴት እንደሚማሩና ትምህርቱ ለአጋጣሚ መተው የማይገባው ለምን እንደሆነ ነው።

ልጆች ይህን ስልት በንግግር የሚለምዱት ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ነው። የአምስት ዓመት ሕፃን «ትናንት የመጣችው አክስቴ ከረሜላ ሰጠችኝ» ሲል ማንም አላስተማረውም። ችግሩ የሚታየው እርሳስ ሲጨብጥ ነው። አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ስለ አጎቱ እንዲጽፍ ታዝዞ እንደሚከተለው ጻፈ እንበል። «አጎት አለኝ። አጎቴ ገበሬ ነው። አጎቴ በሬ ገዛ። በሬው ጥቁር ነው። በሬው ጠፋ። ከዚያ ፈለግነው። ከዚያ አገኘነው።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስሕተት የሆነ አንድም ዓረፍተ ነገር የለም። ሆኖም ሰባቱም ዓረፍተ ነገሮች እኩል ድምፅ አላቸው። የበሬው ቀለምና የበሬው መጥፋት በአንድ ደረጃ ቆመዋል። ተማሪው ስልቱን በጽሑፍ ቢያውቀው ኖሮ «ገበሬ የሆነው አጎቴ የገዛው ጥቁር በሬ ጠፋ። ፈልገን አገኘነው» ብሎ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨርሰው ነበር። የቀነሰው አንድም ቁም ነገር የለም። ይልቁንም ዋናው ወሬ የበሬው መጥፋት መሆኑን ለአንባቢው ለይቶ አሳይቷል።

ብዙ ልጆች ዓረፍተ ነገር አርዝሙ ሲባሉ የሚያደርጉት «እና» እና «ከዚያ» የሚሉትን ቃላት መደጋገም ነው። ይህ ሐሳቦችን ጎን ለጎን መደርደር እንጂ ማያያዝ አይደለም። ማስፋፋት የሚባለው አንዱን ሐሳብ በሌላው ውስጥ ማስገባት ሲሆን፣ ይህን ለማድረግ ልጁ የትኛው ሐሳብ ዋና፣ የትኛው ደጋፊ እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን አለበት። ስለዚህ ትምህርቱ የሰዋስው ብቻ ሳይሆን የአስተሳሰብም ትምህርት ነው።

ውሳኔው ምን ያህል ክብደት እንዳለው ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ያሳያሉ። «ባለሙያው ጥናቱን አቀረበ» እና «ባለሙያው ተዛወረ» የሚሉትን እንውሰድ። የመጀመሪያው ወደ ገላጭነት ሲለወጥ «ጥናቱን ያቀረበው ባለሙያ ተዛወረ» ይሆናል። ሁለተኛው ሲለወጥ ደግሞ «የተዛወረው ባለሙያ ጥናቱን አቀረበ» ይሆናል። ቃላቱ ተመሳሳይ ቢሆኑም የሚነግሩን ግን አንድ አይደለም። በመጀመሪያው አባባል አዲሱ ነገር ዝውውሩ ነው። በሁለተኛው ዝውውሩ አስቀድሞ የታወቀ ሆኖ አዲሱ ነገር የጥናቱ መቅረብ ነው። በ«የ» ውስጥ የገባው ሐሳብ አንባቢው እንደሚያውቀው ተቆጥሮ ያልፋል። መጨረሻ ላይ በዋናው ግሥ የተቀመጠው ደግሞ የጸሐፊው መልእክት ይሆናል። ይህን ልዩነት በልጅነቱ የተረዳ ሰው፣ ቃለ ጉባኤ በሚይዝበት ዕድሜው ውሳኔውን በገላጭ ሐረግ ውስጥ ደብቆ አይጽፍም።

ስልቱ በአማርኛ የራሱ ሕግጋት አሉት። የመጀመሪያው ገላጩ ሐረግ ከስሙ በፊት የሚመጣ መሆኑ ነው። በግእዝ «ብእሲ ዘመጽአ» ሲባል ሰውየው ቀድሞ ገላጩ ይከተላል። በአማርኛ ግን «የመጣ ሰው» እንላለን። ስለሆነም የአማርኛ አንባቢ ስለማን እንደሚነገረው የሚያውቀው ገላጩን ሁሉ አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ግሡ የሚለዋወጥበት መንገድ ነው። ያለፈ ድርጊትን የሚናገር ግሥ «የ» ይቀበላል፤ «መጣ» «የመጣ» ይሆናል። «ገዝቷል» የሚለው ግን «የገዝቷል» ስለማይባል ወደ «የገዛ» ይመለሳል። «ይመጣል» ደግሞ መጨረሻውን ጥሎ «የሚመጣ» ይሆናል። አሉታው «ያልመጣ» እና «የማይመጣ» ነው። «ነው» ወደ «የሆነ»፣ «አለ» ወደ «ያለ»፣ «የለም» ወደ «የሌለ» ይለወጣሉ። እንደ «ለ»፣ «ከ» እና «በ» ያሉት መስተዋድዶች ሲመጡ «የ» ቦታውን ይለቃል። «ለየሚመለከተው» ሳይሆን «ለሚመለከተው» የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ተማሪዎችን ብቻ ሳይሆን አዋቂዎችንም የሚያሳስተው «የሚ» እና «የም» ናቸው። «እሱ የሚወደው ምግብ» እና «እኔ የምወደው ምግብ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። አንዳንድ ጊዜ በማስታወቂያ ሰሌዳዎችና በደብዳቤዎች ላይ «ለምመለከተው ሁሉ» የሚል ጽሑፍ የሚታየው ይህ ልዩነት በጊዜው ባለመጤኑ ነው። ቃል በቃል ከተነበበ ደብዳቤው የተጻፈው ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሳይሆን ጸሐፊው በዓይኑ ለሚመለከታቸው ሰዎች ይሆናል።

ሦስተኛውና እጅግ ጥንቃቄ የሚሻው በግሡ መጨረሻ ላይ የሚጨመሩት «በት» እና «ለት» ናቸው። «በትምህርት ቤቱ ተማረ» የሚለው ሲለወጥ «የተማረበት ትምህርት ቤት» ይሆናል። «በት» ከተረሳ «የተማረ ትምህርት ቤት» ይሆንና ትምህርት ቤቱ ራሱ ተማሪ ይሆናል። ልጆች በዚህ ይስቃሉ፤ ስሕተቱንም አይረሱትም። ሲያድጉ ግን ነገሩ ከሳቅ ያልፋል። «የተፈረደለት ሰው» እና «የተፈረደበት ሰው» በሚሉት አባባሎች መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ፊደል ሲሆን፣ በፍርድ ቤት ረቺውን ከተረቺው የሚለየውም ይኸው ፊደል ነው።

እነዚህን ሕግጋት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ዘርዝሮ ማስገልበጥ ልጆቹን ጸሐፊ አያደርጋቸውም። ከ4ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉ ተማሪዎች የጽሑፍ ትምህርት ላይ የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስበው የመረመሩት ስቲቭ ግራሃም እና ዶሎረስ ፔሪን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ለካርኔጊ ኮርፖሬሽን ባቀረቡት ሪፖርት ውጤታማ ብለው ከዘረዘሯቸው 11 ዘዴዎች አንዱ ዓረፍተ ነገሮችን ማጣመር ነው። በአንጻሩ የሰዋስውን ክፍሎች ለብቻቸው ማስተማር የተማሪዎችን ጽሑፍ እንደማያሻሽል አመልክተዋል። ከዚያ ቀደም ሲል ኬሎግ ሀንት እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ጥናት፣ ተማሪዎች ከ4ኛ ወደ 8ኛ፣ ከዚያም ወደ 12ኛ ክፍል ሲያልፉ በጽሑፋቸው ውስጥ ስምን የሚገልጹ ሐረጎች እየጨመሩ እንደሚሄዱ አሳይተዋል። ፍራንክ ኦሄር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች የሰዋስው ስያሜዎችን ሳይማሩ ዓረፍተ ነገሮችን በማጣመር ልምምድ ብቻ ጽሑፋቸውን ማሻሻላቸውን አስረድተዋል።

ጥናቶቹ የተካሄዱት በአሜሪካ ሲሆን ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ ገላጩ ሐረግ ከስሙ በኋላ ስለሚመጣ መልመጃዎቹን እንዳሉ ተርጉሞ መጠቀም አይቻልም። ዋናው ትምህርት ግን ለአማርኛም ይሠራል። ይኸውም ልጁ የሐረጉን ስም ከማወቁ በፊት በእጁ ሊሠራው ይገባል የሚለው ነው።

በአማርኛ ክፍል ውስጥ ሥራው በቃል ቢጀመር ይመረጣል። መምህሩ ሦስት ተማሪዎችን ከፊት ያቆሙና «ደብተር ለማን ልስጥ?» ብለው ይጠይቃሉ። ክፍሉ በስም መጥራት አይፈቀድለትም። «ቀይ ሹራብ ለለበሰው»፣ «በስተቀኝ ለቆመችው»፣ «ለማይስቀው» እያለ መመለስ አለበት። ጨዋታው ልጆቹ የገላጭን ጥቅም በተግባር እንዲያዩ ያደርጋቸዋል። ገላጭ ጥቅም ላይ የሚውለው ከብዙዎች መካከል አንዱን ለመለየት መሆኑን ይረዳሉ።

እንቆቅልሽም ሌላው በየቤቱ ያለ መሣሪያ ነው። ብዙ እንቆቅልሾች የሚሠሩት በገላጭ ሐረግ ነው። ልጆች የሰሙትን ከመድገም አልፈው የራሳቸውን እንዲፈጥሩ ማድረግ ይቻላል። «ውኃ የሚሸከም፣ ነገር ግን የማይጠማው ማን ነው?» ብሎ እንስራን የሚጠይቅ ተማሪ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አዎንታዊውንና አሉታዊውን ቅርጽ አጣምሮ ተጠቅሟል።

ቀጥሎ የሚመጣው የጽሑፍ ሥራ ነው። መምህሩ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን በሁለት ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ፤ «ልጅቷ መጽሐፍ ገዛች» እና «ልጅቷ አሸነፈች»። ተማሪዎቹ በቅድሚያ አንደኛውን፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን ገላጭ እያደረጉ «መጽሐፍ የገዛችው ልጅ አሸነፈች» እና «ያሸነፈችው ልጅ መጽሐፍ ገዛች» ብለው ይጽፋሉ። ከዚያም «አዲሱ ወሬ የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይቀርባል። ይህ ጥያቄ ከተዘለለ ልምምዱ የቃላት መገጣጠም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

በሦስተኛው ደረጃ ተማሪዎች ስሙን በተለያዩ ቦታዎች እያስቀመጡ ይለማመዳሉ። «የመጣው እንግዳ»፣ «የመጣውን እንግዳ»፣ «ለመጣው እንግዳ»፣ «እንግዳው የመጣበት መንደር» እያሉ ሲቀጥሉ፣ «ው»፣ «ን» እና «በት» የት እንደሚገቡ ከሕግጋቱ ዝርዝር ይልቅ በጆሯቸው ይለያሉ። በመጨረሻም እያንዳንዱ ተማሪ ቀደም ሲል ራሱ የጻፈውን አንቀጽ አውጥቶ፣ ሊጣመሩ የሚችሉትን ዓረፍተ ነገሮች ፈልጎ ያጣምራል። ይህ ሁሉ ጥቁር ሰሌዳ፣ ቁራጭ ወረቀትና ጥቂት ደቂቃዎች እንጂ የተለየ በጀት አይጠይቅም። ከ50 በላይ ተማሪዎች በሚገኙበት ክፍልም ጥንድ ጥንድ ሆነው ሊሠሩት ይችላሉ።

ትምህርቱ የሚያስፈልገው ለመጻፍ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች የማንበብ ችሎታ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ከታሪኩ ከወጡት ጥያቄዎች አንዱንም ያልመለሱት ደግሞ 48 በመቶ ነበሩ። በእነዚህ ሁለት አኃዞች መካከል ያለው ልዩነት፣ ቃል አንብበው መልእክቱን ያልያዙ ልጆች መኖራቸውን ያመለክታል። ከምዘናው በኋላ በነበሩት ዓመታት በሰባት ቋንቋዎች አዲስ የማንበብና የመጻፍ ሥርዓተ ትምህርትና መማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል። ቃልን ከማንበብ ወደ መረዳት በሚወስደው መንገድ ላይ የዓረፍተ ነገር አሠራር አንዱ እርከን ነው። «ከምግብ በኋላ የሚወሰደው ክኒን» እና «ከምግብ በፊት የማይወሰደው ክኒን» የሚሉትን ለይቶ የማይረዳ አንባቢ ፊደል መቁጠሩ ብቻ አይበቃውም።

በአገራችን ሌላም ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ እንግሊዝኛንም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲከታተሉ አድርጓል። በትግርኛ እንደ አማርኛ ሁሉ ገላጩ ከስሙ ይቀድማል። በሲዳምኛና በወላይትኛም እንዲሁ ነው። በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ ግን ስሙ ቀድሞ ገላጩ ይከተላል። ስለዚህ አፉን በአፋን ኦሮሞ የፈታ ልጅ አማርኛን ሲማር፣ አፉን በአማርኛ የፈታ ልጅም እንግሊዝኛን ሲማር ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ይጠበቅባቸዋል። ይህን የሚያውቁ መምህር የልጁን ስሕተት ከስንፍና አይቆጥሩትም። የሁለቱን ቋንቋዎች ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ጽፈው ልዩነቱን ያሳዩታል።

ማስፋፋት መልካም የመሆኑን ያህል ልክ አለው። በአማርኛ ገላጩ ስለሚቀድምና ዋናው ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ገላጮች በተደራረቡ ቁጥር አንባቢው ትንፋሽ ያጥረዋል። ለምሳሌ በአንድ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲህ ተጻፈ እንበል። «ባለፈው ዓመት ከተገዙት ውስጥ በመጋዘን የሚገኙት ጥገና የሚያስፈልጋቸው ባለሙያዎች ያዩዋቸው ኮምፒውተሮች ለተቋቋመው ኮሚቴ የቀረበው ሪፖርት በሚያመለክተው መሠረት ይወገዱ።»

በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስምንት ገላጮች ተደርድረዋል። አንባቢው መሐል ላይ ሲደርስ ጥገና የሚያስፈልጋቸው ባለሙያዎቹ ይመስሉታል። ዓረፍተ ነገሩ ሲፈታ «ባለፈው ዓመት የተገዙትን ኮምፒውተሮች ባለሙያዎች አይተዋቸዋል። ጥገና የሚያስፈልጋቸው በመጋዘን ይገኛሉ። ለኮሚቴው በቀረበው ሪፖርት መሠረት እነዚህ ይወገዱ» ይሆናል። እንዲህ ሲጻፍ ቀድሞ ተሰውሮ የነበረ ጥያቄም ይወጣል። ጥገና የሚያስፈልገው ዕቃ ሊጠገን ነው ወይስ ሊወገድ? በረጅሙ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጥያቄውን ማንም ባላነሳው ነበር። ስለዚህ ልጆች ማጣመርን በተማሩበት ክፍለ ጊዜ መፍታትንም ሊማሩ ይገባል። በታችኞቹ ክፍሎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ከሁለት ገላጭ ሐረግ በላይ እንዳይገባ መወሰን ጥሩ ልማድ ይሆናል።

ገላጩ የትኛውን ስም እንደሚገልጽ ማጣራትም የትምህርቱ አካል ነው። «የጠፋው የልጁ ደብተር» ሲባል የጠፋው ደብተሩ ነው። «የጠፋው ልጅ ደብተር» ሲባል ግን የጠፋው ልጁ ነው። በቢሮ ቋንቋ ይኸው ልዩነት «የታገደው የድርጅቱ ፈቃድ» እና «የታገደው ድርጅት ፈቃድ» በሚሉት መካከል ይታያል። በአንደኛው የታገደው ፈቃዱ፣ በሌላው ድርጅቱ ነው።

ከሁሉም በላይ የገላጭ ሐረግ ትርጉም የሚከብደው መብትና ግዴታ በሚደነገግበት ጽሑፍ ላይ ነው። ማን ተጠቃሚ ይሆናል፣ ማንስ አይሆንም የሚለው በአብዛኛው የሚመለሰው በ«የ» እና በ«የሚ» ነው። የመምረጥ መብት ዕድሜው 18 ዓመት ለሞላው ኢትዮጵያዊ ነው ሲባል፣ የሞላውን ካልሞላው የሚለየው ገላጩ ነው። ነገር ግን «የመስኖ ውኃ የሌላቸው የወረዳው አርሶ አደሮች ምርጥ ዘር ይሰጣቸዋል» ተብሎ ቢጻፍ፣ አባባሉ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው የወረዳው አርሶ አደሮች ሁሉ መስኖ ስለሌላቸው ሁሉም ዘር ያገኛሉ የሚል ነው። ሌላው መስኖ የሌላቸው ብቻ ያገኛሉ የሚል ነው። ጸሐፊው «ከወረዳው አርሶ አደሮች መካከል የመስኖ ውኃ ለሌላቸው ብቻ» ቢል ክርክሩ አይነሳም። ካላለ ግን ክርክሩ የሚነሳው ዘሩ በሚከፋፈልበት ቀን፣ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ነው። የጸሐፊው አንድ ቃል መጉደል የአንድን ቤተሰብ የዘር ወቅት ሊያሳልፍ ይችላል።

እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚያዘጋጀው ባለሙያ ከዓመታት በፊት በአንድ ክፍል ውስጥ ስለ አጎቱ በሬ ይጽፍ የነበረው ልጅ ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ሲያጣምር «አዲሱ ወሬ የቱ ነው? የምትለየውስ ማንን ነው?» ብሎ የጠየቀው መምህር ከነበረ፣ ጥያቄዎቹ አብረውት ያድጋሉ። ትምህርት ቤቶችን የሚከታተሉ ሱፐርቫይዘሮችና የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች፣ ተማሪዎች ስንት ገጽ እንደጻፉ ከመቁጠር ባሻገር ዓረፍተ ነገሮቻቸውን እንዴት እንደሚያያይዙ ቢመለከቱ፣ ድካሙ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፍሬውን ያሳያል። «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ የሚጻፈው ደብዳቤም በእርግጥ ለሚመለከተው ሰው ግልጽ ይሆናል።